ለዓይን ሕመም የሚደረግ ኮንታክት ሌንስ፦ ሐረር ከሌንሱ በፊት ምን ያስፈልጋታል?

ኮንታክት ሌንስ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ውበት ነው፤ የዓይንን ቀለም ለመለወጥ ለሠርግና ለፎቶግራፍ የሚደረግ ስስ ፕላስቲክ። በዓይን ሕክምና ዘንድ ግን ይኸው ስስ ነገር ሌላ ሥራ አለው። የቆሰለ የዓይን ገጽን እንደ ፋሻ ይሸፍናል፤ መነጽር የማያርመውን የተዛባ ዕይታ ያስተካክላል፤ እንባው የነጠፈ ዓይንን በፈሳሽ ያረሰርሳል። ጥበቡ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው በመሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። በሐረር ከተማ፣ በጀጎል ውስጥም ሆነ ከአምስቱ በሮች ውጭ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ለሚኖር ሰው ግን ዛሬም መልስ የሚሻ ጥያቄ አለ፦ ይህ ሌንስ ለማን ይጠቅማል? ማንንስ ይጎዳል?

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ የሚከተለው ነው። የሕክምና ሌንስ ፋይዳ ያለው ሌንሱን ተከትሎ በሚመጣው ሰንሰለት ላይ ነው። ዓይንን ለክቶ የሚገጥም ባለሙያ፣ ሌንሱ የሚታጠብበት መድኃኒትነት ያለው ፈሳሽ፣ ንጹሕ እጅ፣ በቀጠሮ የሚደረግ ምርመራ፣ ሕመም ሲነሣ በዚያው ዕለት የሚደረስበት ሐኪም፤ እነዚህ ሁሉ የሰንሰለቱ ቀለበቶች ናቸው። ምርጥ ዘር ያለ ውሃ፣ ያለ ማዳበሪያና ያለ ግብርና ባለሙያ ክትትል ምርት እንደማይሰጥ አርሶ አደሩ ያውቃል። ሌንስም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ፣ ያልበቀለ ዘር የአንድ ወቅት ኪሳራ ሲሆን፣ ክትትል ያጣ ሌንስ ግን ዓይንን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል።

ከጅምሩ ለበሽታ የተሠራ

የኮንታክት ሌንስ ታሪክ የሚጀምረው ከሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በዙሪክ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም አዶልፍ ፊክ በዓይን ላይ የሚቀመጥ የመስታወት ሌንስ ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት በፓሪስ ዩጂን ካልት የተባለው ሐኪም ተመሳሳይ የመስታወት ሽፋን ኬራቶኮነስ በሚባለው በሽታ ለተያዙ ሰዎች ሞከረ። ዛሬ የሚታወቀው ለስላሳ ሌንስ የመጣው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ቼኮዝሎቫክያዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኦቶ ዊችተርሌ እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ ላይ በቤቱ፣ ከልጆች የመገጣጠሚያ መጫወቻ በሠራው ማሽን፣ ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ሌንስ አመረተ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አየርን በብዛት የሚያሳልፍ ሲሊኮን ሃይድሮጅል የተባለ ቁስ ወደ ገበያ ገባ። ይህ መሻሻል ለሕክምና ሌንስ ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ የዓይን የፊት ገጽ የደም ሥር ስለሌለው የሚያስፈልገውን ኦክስጅን በአብዛኛው የሚያገኘው በቀጥታ ከአየር ነውና።

ይህ የደም ሥር የሌለው፣ እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለ የፊት ሽፋን ኮርኒያ ይባላል። ብርሃን ወደ ዓይን የሚገባው በእርሱ በኩል ነው። ጥራቱን ወይም ቅርጹን ሲያጣ፣ የቀረው የዓይን ክፍል ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ዕይታ ይበላሻል። የሕክምና ሌንስ ሥራም በዚሁ ሽፋን ላይ ነው።

በዛሬው ሕክምና ሦስት ዓይነት ሌንሶች ተለይተው ይታወቃሉ። የመጀመሪያው ፋሻ ሌንስ ሊባል የሚችለው ለስላሳ ሌንስ ነው። የዕይታ ቁጥር የለውም። ኮርኒያው ሲላጥ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ዓይን ላይ ይቆያል። የዓይን ቆብ በእያንዳንዱ ጥቅሻ ቁስሉን እንዳይፍቀው ስለሚከላከል ሕመሙ ይቀንሳል፤ ከሥሩም አዲስ ሽፋን ያድጋል። ሁለተኛው አየር የሚያሳልፍ ጠንካራ ሌንስ ነው። በሌንሱና በኮርኒያው መካከል የሚሞላው እንባ ጎርባጣውን ገጽ ስለሚያስተካክለው፣ ብርሃን ለስላሳ ገጽ እንዳገኘ ሆኖ ይገባል። ሦስተኛው ሰፊው ስክለራል ሌንስ ሲሆን ኮርኒያውን ሳይነካ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ያርፋል። ሥሩ በንጹሕ የጨው ፈሳሽ ስለሚሞላ፣ በመድኃኒት መቆጣት ወይም በቃጠሎ ምክንያት እንባው የደረቀ ዓይን ቀኑን ሙሉ ረጥቦ ይውላል።

ከእነዚህ ሌላ፣ አብሮት በተወለደ የዓይን ሞራ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሕፃን ሰው ሠራሽ ሌንስ በዓይኑ ውስጥ ካልተተከለለት ኮንታክት ሌንስ ሊታዘዝለት ይችላል። የሕፃን አእምሮ ማየትን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚሰጥ ሌንስ ያንኑ ያህል አይጠቅምም።

ሌንስ የማይመልሰው ብርሃን

ተስፋው ከልኩ እንዳያልፍ የአገራችንን የዓይን ሕመም መልክ ማስተዋል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የዝቅተኛ ዕይታና የትራኮማ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ ዕይታ ያለው መሆኑን አሳይቷል። የዓይነ ስውርነት ምክንያት ሆኖ ከተገኘው ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም 49.9 በመቶው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር። በትራኮማ ምክንያት የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ከሌላ ምክንያት የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ ደግሞ 7.8 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ሁለቱ ሲደመሩ ከአምስት ዓይነ ስውራን የአንዱን ያህል ብርሃን የወሰደው የኮርኒያ ጠባሳ መሆኑን ያመለክታሉ።

የዓይን ሞራ ግርዶሽ መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በላይ የሚደረግ ሌንስ አያስወግደውም። ነጭ ሆኖ የጠነከረ የኮርኒያ ጠባሳም በሌንስ አይጠራም፤ የሚያስፈልገው ከለጋሽ የተገኘ ኮርኒያ ንቅለ ተከላ ነው። በአገራችን ለዚህ አገልግሎት የቆመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ተመሥርቷል። በትራኮማ ምክንያት ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ኮርኒያውን እየፋቀ ሲያቆስል ሌንስ ለጊዜው ከለላ ሊሆን ቢችልም፣ ዘላቂው መፍትሔ የዓይን ቆቡን አቅጣጫ የሚያስተካክለው አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። ይህንን ቀዶ ሕክምና በጤና ጣቢያ ደረጃ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በብዙ የአገሪቱ ወረዳዎች ሲሠሩት ቆይተዋል። ስለዚህ ሽፋሽፍቷ የተቀለበሰ እናት ሌንስ ፍለጋ ወደ ሩቅ ከተማ ብትሄድ ገንዘቧንም ጊዜዋንም ታባክናለች፤ የሚያስፈልጋት ሕክምና ለቤቷ የቀረበ ሊሆን ይችላልና።

ታዲያ በእኛ አካባቢ ከሌንስ ይበልጥ የሚጠቀመው ማን ነው? በቅድሚያ የሚጠቀሰው የኬራቶኮነስ ሕመምተኛ ነው። በዚህ በሽታ ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል። የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ ሲሆን እስከ ሠላሳዎቹ ዕድሜ ድረስ ሊባባስ ይችላል። የክፍል ተማሪው ሰሌዳው ይደበዝዝበታል፤ መነጽር ይሠራለታል፤ ብዙም ሳይቆይ ያ መነጽር አይበቃውም፤ ይለወጥለታል፤ አሁንም አያይም። መምህሩ ሰነፍ፣ ወላጆቹም ቸልተኛ ነው ብለው ሊያስቡት ይችላሉ። ይህ ልጅ ግን ዓይነ ስውር አይደለም። በልኩ የተሠራ ጠንካራ ሌንስ ሲደረግለት ሰሌዳውን ሊያነብብ ይችላል። በእርሱና በትምህርቱ መካከል የቆመው በሽታው ብቻ ሳይሆን በሽታውን በስሙ የሚጠራለት ሰው መታጣቱም ነው።

ኬራቶኮነስ ከዓይን ማሸት ጋር የተያያዘ መሆኑ ይታወቃል። ሞቃትና አቧራማ በሆኑ አካባቢዎች ብዙ ሕፃናትን የሚያጠቃው ከባድ የዓይን አለርጂ ደግሞ ዋና ምልክቱ ማሳከክ ነው። ልጁ ዓይኑን ቀንና ሌሊት ያሻል። ነጩ የዓይን ክፍል ቡናማ ይሆናል፤ ብርሃን ያስለቅሰዋል፤ ዝልግልግ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የአለርጂ መድኃኒት የያዘ ኮንታክት ሌንስ ፈቅዷል። ሆኖም እርሱ መደበኛ ሌንስ ለሚያደርጉ ሰዎች ማሳከክን ለመከላከል የተሠራ እንጂ ከባዱን የሕፃናት አለርጂ የሚያክም አይደለም። ለእኛ ልጆች ቅርቡና ርካሹ መንገድ አለርጂውን በወቅቱ በጠብታ ማከምና ማሸቱን ማስቆም ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች፣ ለምሳሌ ዴክሳሜታዞን፣ ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያስታግሱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደጋግሞ መጠቀም ያጓጓል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን የዓይንን ግፊት ጨምረው ግላኮማን፣ እንዲሁም የዓይን ሞራን ሊያመጡ ይችላሉ።

ሌንስ ኬራቶኮነስን እንደማያቆመውም መታወቅ አለበት። ዕይታን ያስተካክላል እንጂ ኮርኒያው መሳሳቱን ሊቀጥል ይችላል። መባባሱን ለመግታት የሚደረገው ሕክምና በቪታሚን ጠብታና በአልትራቫዮሌት ጨረር ኮርኒያውን የሚያጠነክረው ክሮስ ሊንኪንግ ነው። ከዚህ ሕክምና በኋላ ቁስሉ እስኪድን ድረስ ለጥቂት ቀናት የሚደረገው ፋሻ ሌንስ ነው። እንግዲህ ሌንስ ራሱን የቻለ መዳኛ ሳይሆን ከሌሎች ሕክምናዎች ጋር የተያያዘ አንድ እርምጃ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከማሳ የሚመጣ ቁስል

የሐረር ዙሪያ ኑሮ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ማሽላ ይቆረጣል፣ ይወቃል፤ ጫት ይለቀማል፤ ቁልቋልና እሾኽ አጥር ይሆናሉ። የማሽላ ቅጠል ጫፍ፣ የገለባ ብናኝ፣ ወደ ኋላ የሚመለስ የጫት ቅርንጫፍ ዓይንን በቀላሉ ይጭራል። ይህ ጭረት በከተማ ቢሮ ውስጥ በወረቀት ጠርዝ ከሚደርስ ጭረት ጋር አንድ አይደለም። ከተክል የመጣ ጉዳት ሻጋታንና ባክቴሪያን ወደ ቁስሉ ሊያስገባ ይችላል። በሞቃት አገሮች በእርሻ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ከሚያጠቁት አስከፊ የኮርኒያ ቁስሎች አንዱ በሻጋታ የሚመጣው ነው።

በዚህ ምክንያት በተክል ለተጫረ ዓይን ሌንስ ማድረግም ሆነ በጨርቅ አጥብቆ ማሰር አይመከርም። ሌንሱ ሞቃትና እርጥብ መሸሸጊያ ስለሚፈጥር ተሕዋስያኑ ከሥሩ ሊራቡ ይችላሉ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታም የሻጋታ ቁስልን ያባብሳል። የቅጠል ጭማቂ ወይም ሌላ የቤት ውስጥ መድኃኒት በቁስሉ ላይ መጨመር ደግሞ ለተጨማሪ ልክፈት በር ይከፍታል። ትክክለኛው እርምጃ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ዓይንን ሳያሹ ማቆየት፣ በብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ መታየቱን ማስተዋል፣ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ ወደ ሆስፒታል እንዲላኩ መጠየቅ ያሻል። አርሶ አደሩ በአዝመራ ወቅት ሥራውን ትቶ መሄድ እንደሚከብደው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ቀን በጠብታ ሊድን የሚችለው ቁስል በሳምንቱ ንቅለ ተከላ የሚጠይቅ ጠባሳ ሊሆን ይችላል።

የውሃው ጉዳይ

ሌንስ ካለ ውሃ ይነሣል፤ በሐረር ደግሞ ውሃ የቆየ ጥያቄ ነው። ከተማዋን ለዓመታት ያጠጣት የሐረማያ ሐይቅ ነበር። በመስኖ፣ ለከተማ ውሃ በሚደረገው ስበትና በደለል ምክንያት እየሸሸ ሄዶ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት መልሶ ውሃ መያዙ ቢያስደስትም፣ ከተማዋ ውሃ ከድሬዳዋ አቅጣጫ፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣላት ግድ ሆኗል። ብዙ ቤተሰብ ዛሬም ውሃን በጄሪካንና በሮቶ አጠራቅሞ ይጠቀማል።

ይህ ከሌንስ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሌንስ የሚነካ እጅ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ መድረቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ሌንሱ ራሱ ውሃ ሊነካው አይገባም። የቧንቧ፣ የጉድጓድም ሆነ የተጠራቀመ ውሃ አካንታሚባ የተባለ በዓይን የማይታይ ሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ይህ ሕዋስ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖ መድኃኒትን ስለሚቋቋም፣ በዓይን ላይ የሚያስከትለው ቁስል እጅግ የሚያሠቃይ፣ ሕክምናውም ወራት የሚፈጅ ነው። ስለዚህ ሌንስ የሚታጠበውም የሚቀመጠውም ለእርሱ ተብሎ በተዘጋጀ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ፈሳሹም በየዕለቱ ይለወጣል። ምራቅ በምንም መንገድ ምትክ አይሆንም።

በሐረር ያለ ሌንስ አድራጊ ሊያስብበት የሚገባ የአካባቢው ልማድም አለ። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱ የሚያደርግ ሰው ፊቱን ደጋግሞ ይታጠባል። ሌንስ ያደረገ ሰው በዚህ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ መታጠብና ውሃውን ከፊቱ በንጹሕ ጨርቅ ካደረቀ በኋላ መግለጥ ይጠቅመዋል። ባለሙያው ሌንስ ሲገጥም ይህንን አስቀድሞ ከሕመምተኛው ጋር ሊነጋገርበት ይገባል። ከውጭ የመጣ መመሪያ ተተርጉሞ ቢሰጥ፣ ስለ መዋኛ ገንዳ ይናገር ይሆናል እንጂ ስለ ውዱ አይናገርም።

ከቢሲዲሞ የሚገኝ ትምህርት

ልዩ ሕክምና በትልቅ ከተማ ብቻ ይሰጣል የሚለውን አስተሳሰብ የሚያስተባብል ምስክር ከሐረር ቅርብ ርቀት ላይ አለ። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው ቢሲዲሞ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ስፍራ ነው። የጀርመን የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1957 በቩርዝቡርግ ከተማ የተቋቋመው በቢሲዲሞ ይሠራ የነበረውን ፈረንሳዊ ሐኪም ዣን ፌሮንን ለመርዳት ነበር። በአንድ የገጠር ስፍራ የተጀመረ ሥራ በሌላ አህጉር ማኅበር እስከ ማስመሥረት ደረሰ።

ሥጋ ደዌ የዓይን ሐኪሞችን ጥንቃቄ ያስተማረ በሽታም ነው። የፊት ነርቭን ሲጎዳ ዓይን መከደን ያቅተዋል፤ ኮርኒያው ይደርቃል። የስሜት ነርቭን ሲጎዳ ደግሞ ዓይኑ ቢቆስልም ሕመም አይሰማውም። ላይ ላዩን ሲታይ እንዲህ ያለው ዓይን በሌንስ መሸፈን ያለበት ይመስላል። ነገር ግን ሕመም የሚያስጠነቅቀው ነገር ስለሌለ፣ ከሌንሱ ሥር ቁስል ቢፈጠር ሕመምተኛው ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ስሜት ለሌለው ዓይን ሌንስ የሚደረገው በቅርብ ክትትል ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅሻን መለማመድ፣ ዓይንን በጠብታና በቅባት ማርጠብ፣ ካስፈለገም የዓይን ቆብን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ይቀድማል። ቢሲዲሞን የመሰለ ተቋም ለዚህ ዓይነቱ ሕክምና የሚሰጠው ትልቅ ነገር ሕመምተኛን ለዓመታት በስሙ አውቆ መከታተል ነው። ለሌንስም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ቅደም ተከተሉ ምን ይሁን?

የተራቀቀ የኮርኒያ ሕክምና በአገራችን በአብዛኛው የተከማቸው በአዲስ አበባ ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ሌንስ ደግሞ በአንድ ጉዞ አያልቅም፤ ይለካል፣ ይሞከራል፣ ይስተካከላል፣ በየጊዜው ይታያል፣ ሲያረጅ ይተካል። ሌንሱም ፈሳሹም በውጭ ምንዛሪ ስለሚገቡ አቅርቦቱ ሲቋረጥ ሕመምተኛው አሮጌውን ሌንስ ከጊዜው በላይ ለማድረግ ይገደዳል፤ አደጋውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስለዚህ ሥራው በቅደም ተከተል ቢታሰብ ይበጃል። መጀመሪያው እርምጃ ውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፦ በትምህርት ቤቶች ዓይናቸውን የሚያሹ፣ መነጽር ተሰጥቷቸው እንኳ የማያዩ ልጆችን ለይቶ ወደ ሆስፒታል መላክ። መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በአጭር ሥልጠና ሊሠሩት የሚችሉት ነው። ሁለተኛው፣ በአዝመራ ወቅት የሚደርስ የዓይን ጭረት በዚያው ዕለት የሚታይበትን አሠራር በጤና ጣቢያዎች ማጽናት ነው። የግብርና ልማት ሠራተኞችም ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካል ጥንቃቄ ሲያስተምሩ የዓይን መከላከያ መነጽርን አብረው ቢያነሡ ሥራው ይቀላል። ሦስተኛው፣ የኮርኒያን ቅርጽ የሚለካ መሣሪያና ሌንስ መግጠም የሠለጠነ ኦፕቶሜትሪስት በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል በአንድ ስፍራ ማደራጀት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኦፕቶሜትሪ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ በሐረር ደግሞ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ከምሥራቅ ሐረርጌና ከአጎራባች አካባቢዎች ጭምር ሕመምተኞችን ይቀበላል። ባለሙያውንና ሕመምተኛውን የሚያገናኝ አንድ ክፍል፣ አንድ መሣሪያና የማይቋረጥ የፈሳሽ አቅርቦት ቢኖር የጉዞው ሸክም በእጅጉ ይቀል ነበር።

እስከዚያው ድረስ አንባቢ ሊይዘው የሚገባው አጭር መመዘኛ አለ። ሌንስ የሚደረገው ዓይንን ለክቶ ያዘዘ ባለሙያ ካለ ብቻ ነው፤ ለውበት የሚሸጠውም ቢሆን ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። አንድ ሌንስ ለሁለት ሰው አይውልም። ሐኪም ካላዘዘ በቀር ሌንስ እንዳደረጉ አይተኛም። ሌንስ ያደረገ ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ከፈራ ወይም ከደበዘዘ ሌንሱ ወዲያው ይወጣል፤ በዚያው ቀንም ወደ ሐኪም ይኬዳል። ያዘዘው ሐኪም ያደረገው ፋሻ ሌንስ ከሆነም፣ ሌሊቱን ሳይጠብቁ ወደ እርሱ መመለስ ነው። ሌንስ ለማዘዝ የሚያስብ ቤተሰብም ከዋጋው በፊት ለባለሙያው ሦስት ጥያቄ ቢያቀርብ ይበጀዋል፦ ፈሳሹን ሁልጊዜ ከየት አገኛለሁ? የሚቀጥለው ቀጠሮዬ መቼ ነው? ቢያመኝስ ሌሊት ወዴት እሄዳለሁ? ለሦስቱም መልስ ካልተገኘ ሌንሱ ጊዜው ገና ነው።